ቁልፉ የት ነው የሚያድረው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከሞጆ ደረቅ ወደብ ደወለልኝ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ እትዬ ሩቅያ ስልክ እንደማያነሱ ነግሮኝ፣ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ እንዳገናኘው ለመነኝ። ኮንቴነሩን ጭኖ፣ ወረቀቱን ጨርሶ ሊወጣ ሲል መኪናው አልነሳ ብሎታል። ከትናንት በስቲያ እንደቀበርናቸው ነገርኩት። ከኋላው የጫኝና አውራጆች ጫጫታ ይሰማኛል። ቆይቶ "ታዲያ አሁን ማንን ነው የምንጠይቀው?" አለኝ። ስልኩን ዘጋው፤ ወዲያው መልሶ ደወለና "አላህ ይዘንላቸው፣ ደንግጬ እኮ ነው" አለኝ።

ሱቄ ከእትዬ ሩቅያ የመኪና ኤሌትሪክ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። እኔ የመኪና ባትሪ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ደግሞ መኪና ለምን አልነሳ እንዳለ ይመረምሩ ነበር። የማያውቀን ሰው ሁለታችን ተመካክረን የምንበላ ይመስለዋል። እንኳን ልንመካከር፣ ገበያዬን እንደ እትዬ ሩቅያ የዘጋብኝ ሰው አዳማ ላይ የለም። ደንበኛ አዲስ ባትሪ ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ከበራቸው ላይ ሆነው ይጠሩታል፤ የድሮው ሞተ ያለህ ማነው ብለው ይጠይቁታል። አብዛኛውን ጊዜ የድሮው አልሞተም። እኔም ባትሪዬን ወደ መደርደሪያው እመልሳለሁ። ይኸው አሁን የሳቸው በር ተዘግቶ የእኔ ገበያ ደርቷል፤ ደስ ግን አላለኝም።

ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ። ሰማያዊ ቱታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ግሪስ በሚረግጡበት ግቢ ውስጥ የሱሪያቸው መስመር አይጠፋም። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርገው ያስሩታል፣ የሞተር ማራገቢያ እንዳይዘው። መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ራሳቸው በጎነጎኑት ቀይና ጥቁር የኤሌትሪክ ሽቦ ነበር። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ከሳቸው የተሻለ ሽቦ የሚያውቅ ሰው ካለ አምጡልኝ፣ ሻዩን እኔ እጋብዘዋለሁ ይሉ ነበር። ሻዩን የጠጣ ሰው አላየሁም። በራቸው ላይ ያጻፉት ማስታወቂያም "ሩቅያ የመኪና ኤሌትሪክ፤ መጀመሪያ እናዳምጣለን" ይላል።

ዘራቸው ከወሎ ነው፤ አባታቸው በአሰብ መንገድ ያረጁ ሾፌር ነበሩ። ቤቱን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ምሳ ሊያደርሱ እየመጡ ዲናሞ መጠምጠም ተማሩ፤ ከዚያ ምሳውን ሌላ ሰው ያመጣላቸው ጀመር። ባለቤታቸው ሲሞቱ የባል ወንድሞች ቤቱ ይሸጥ፣ ሴት ልጅ መኪና ሥር አትገባም አሉ። እትዬ ሩቅያ የሐዘን ጊዜያቸውን ጨረሱና የሟችን ቱታ ጎንና ጎኑን አስጠብበው፣ ተኩሰው፣ ለብሰው በሩን ከፈቱ። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

የአሠራራቸው ነገር ግን ሰው ያናድድ ነበር። መኪና ሲመጣላቸው ኮፈኑን አይከፍቱም። ወንበር ያስመጡና ባለቤቱን ያስቀምጡታል። እንዴት አደረች? ማን ነበር የነዳት? የት ቆመች? ማን ቀድሞ ወረደ? ሚስት አብራ ከመጣች ለብቻ ይጠይቋታል፤ ሾፌር ካለም ለብቻው። ባልና ሚስት ሊያስታርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ እንደሚያደርገው፣ የሁሉንም ቃል ሳይሰሙ አይፈርዱም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ለሳቸው የቤት ሕግ ነበር። ፀሐይ አናቱን የሚበሳው ደንበኛ ሴትዮዋ መኪናዋን ነው ወይስ እኔን የሚመረምሩት ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ታገስ እለዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሶደሬ ተደወለላቸው። ሙሽሮቹን የያዘች አዲስ መኪና ፎቶ ለመነሳት ቆማ በዚያው አልነሳ ብላለች፤ አጃቢው ሁሉ ክላክሱን ይነፋል። መኪናዋ ቁልፍ የማይሰካባት፣ ሪሞቷ አጠገቧ ካለ በጣት ተጭነው የሚያስነሷት ዓይነት ናት። እትዬ ሩቅያ ስለ ሞተርም ስለ ባትሪም አልጠየቁም። ከመኪናዋ ወርዶ ሌላ መኪና ውስጥ የገባ ሰው አለ ወይ አሉ። አንደኛው ሚዜ ለካ ሪሞቱን በኮቱ ኪስ እንደያዘ፣ መንገድ ላይ ዘፈን ወደ ደራበት መኪና ተዛውሯል። እንዲህ ያለች መኪና አንዴ ከተነሳች ሪሞቱ ቢርቅም መሄዷን አትተውም፤ ካጠፏት በኋላ ግን ባለቤቷን ትፈልጋለች። ሙሽራይቱ በስልክ ስታመሰግናቸው እትዬ ሩቅያ ለሠርጉ ስላልጠሯቸው ወቀሷት።

የኤሌትሪክ መኪኖች ከተማውን ሲሞሉት ግን ብዙ ሰው የሴትዮዋ ዘመን አበቃ አለ። እኔም በሆዴ ሳልል አልቀረሁም። እሳቸው ግን ከመልካሳ የሚመጣ መሐንዲስ ደንበኛቸውን የመኪኖቹን መመሪያ እንዲያስረዳቸው ያዙት፤ እሱ ያነባል፣ እሳቸው ይጠይቃሉ። እንዲያውም አንዱን ገጽ እሱም እንዳልገባው ሲነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፣ አብረው እስኪገባቸው ድረስ ሻይ ሲያስመጡ ዋሉ። አላውቅም ማለት አያሳፍራቸውም፤ ብቻ ሁልጊዜ "ነገ ግን አውቃለሁ" የሚል ይጨምሩበታል።

የማልረሳው ቀን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አቶ መስፍን የሚባል፣ አርሲ ነገሌ ገበያ ላይ እህል የሚነግድ፣ ቤቱ ግን እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር የሆነ ሰው ጠዋት ሱቄ መጣ። አዲስ ነጭ የኤሌትሪክ መኪና ከገዛ ጥቂት ወሩ ነው። ፊቱ አልተፈታም። መኪናዋ በተደጋጋሚ ጠዋት ጠዋት ሞታ ትገኛለች፤ አንድ ጎረቤት ደግሞ ገና ሳይነጋ የውስጥ መብራቷ በርቶ አይቷል። መስፍን ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። ዘበኛው ገመቹ ሌሊት መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ እየሰማ ይተኛል፤ እንዴት እንደሚከፍታት ባይታወቅም ከሌባ ጋር ተመሳጥሮ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ጓዙን እንዲጠቀልል ነግሮት ነው የመጣው። ለእኔ የቀረልኝ ባትሪ መሸጥ ነበር። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና እኔ የማስበው ስለ ባትሪዬ ነው።

እትዬ ሩቅያ ከበራቸው ሆነው ሰምተዋል። መጥተው ዘበኛው ስንት ዘመን እንደጠበቀው መስፍንን ጠየቁት። እናቴ ከነገሌ ካመጣችው ልጆቼ አድገዋል አለ። ከዚያ በፊት የጠፋ ነገር አለ ወይ አሉት። መስፍን ትንሽ አሰበና የለም አለ። "እንግዲያው ባትሪውን ይዘን አብረን እንሄዳለን" አሉ። ዘበኛ የሚቀጠረው በስሙ ነው፤ ሌባ ተብሎ ከአንድ በር የወጣ ሰው በዚያ ሰፈር ሌላ በር አይሰጠውም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

ባትሪውን ታቅፌ በባጃጅ ደረስን። ገመቹ በሩ ላይ ቆሟል። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ከሲታ፣ ዱላው ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። እግሩ ሥር ብርድ ልብሱና ልብሱ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። እትዬ ሩቅያ ከቤቱ ባለቤት በፊት ወደ እሱ ሄዱ።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ገመቹ?" አሉት፤ እንዴት አደሩ፣ አቶ ገመቹ ማለታቸው ነው።

"ነጋ፣ ገለተ ረቢ" አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ሰላም ነው፣ ምስጋና ለፈጣሪ። እንዲያ ባለ ጠዋት እንኳ ምስጋናውን አላስቀረም።

መኪናዋ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ተጠግታ በረንዳው ጥላ ሥር ቆማለች፤ የአዳማ ፀሐይና አቧራ ቀለሟን እንዳይጎዳው። እጀታዋን ቢነኩት መልስ የላትም። እትዬ ሩቅያ ሪሞቱን ተቀብለው ቢጫኑት መብራቱ ብልጭ አላለም። ጎኑን ገፋ አድርገው ከሆዱ ውስጥ ቀጭን የብረት ቁልፍ መዘዙ። መስፍን ሪሞቱ ውስጥ ቁልፍ መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። በሩን በእሱ ከፈቱ፣ ኮፈኑን አነሱ፣ ትንሿን ባትሪ በቴስተራቸው ለኩ። የኤሌትሪክ መኪና ከሥሯ የተነጠፈ ትልቅ ባትሪ አላት፤ በሯን የሚከፍተው፣ መብራቷን የሚያበራው፣ ትልቁንም የሚቀሰቅሰው ግን እንደ ድሮ መኪኖች ያለ ትንሽ ባትሪ ነው። ትንሹ ከደከመ የትልቁ መሙላት ምንም አይፈይድም። የመስፍን ትንሹ ባትሪ ደክሟል። ሪሞቱ ውስጥ ያለችውን እንደ ዝርዝር ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪም ለኳት፤ እሷም አልቃለች።

መነጽራቸውን አውልቀው ቆሙ። ሲገርማቸው እንደዚያ ያደርጋሉ።

"ሁለት ጤነኛ ባንድ ሰሞን የሚታመመው አንድ ቦታ ሲያድር ነው" አሉ። ከዚያ ወደ መስፍን ዞረው፣ "ቁልፉ የት ነው የሚያድረው?"

መስፍን ጥያቄው አልገባውም። የመለሱላቸው እናቱ እማማ በላይነሽ ናቸው፣ በኩራት። መኪናዋ የተገዛች ዕለት ቄስ መጥተው ጠበል ረጭተዋታል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጃቸው በገባ ቁጥር ቁልፉን ተቀብለው ሳሎን ካለው የገብርኤል ሥዕል ሥር ሚስማር ላይ የሚሰቅሉት እሳቸው ናቸው። እንዲጠብቃት ነው። ገብተን አየነው። እትዬ ሩቅያ በደጃፉ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። ስስ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ የመኪናዋ የሾፌር በር አለ።

ይኼኔ ነገሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ገና አንድ ቃል ይቀራቸዋል። ወጥተው በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ገመቹን አጠገባቸው አስቀመጡት። በኦሮምኛ ዝግ ብለው ነው ያወሩት፤ ሌሊት ምን ምን እንደሚሠራ ነው የጠየቁት። እሳቸው አልቸኮሉም። በመጨረሻ ገመቹ፣ ዘበኛ ሌሊት በር ይስባል አለ። የግቢውን በር ይስባል፣ የመጋዘኑን ጓጉንቸር ይስባል፣ የማድ ቤቱን ይስባል። መኪናዋ ከመጣች ወዲህም የእሷን እጀታ ይስባል። መዘጋቷን ካላየ እንዴት ይቀመጣል?

እትዬ ሩቅያ ብድግ አሉ። የእኔን ባትሪ በትንሿ ቦታ አሰሩ፣ ከቦርሳቸው ለሪሞቱ አዲስ ባትሪ አወጡለት፣ መኪናዋን ቆለፏት፣ ሪሞቱን እማማ በላይነሽ ወደ ሚስማሩ እንዲመልሱት ለመኗቸው። ከዚያ ገመቹን ሌሊት እንደምታደርገው አድርግልኝ አሉት። ሰውየው ዱላውን ከግድግዳው አስደገፈ። የግቢውን በር ሳበ። የመጋዘኑን ሳበ። የማድ ቤቱን ሳበ። መኪናዋ ጋ ሲደርስ እጀታዋን ሳበ።

መኪናዋ ከነመብራቷ ነቃች። መስታወቶቿን ዘረጋች፣ በሯ ተከፈተ፣ ውስጥ ያለው ስክሪን ሙዚቃ እያሰማ እንኳን ደህና መጡ አለው። ገመቹ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ይኸው" አለ በአማርኛ፣ ለሁላችንም። "ሌሊቱን እንዲህ ናት። እዘጋታለሁ፣ ስስባት ትከፈታለች። ቢስሚላሂ ብዬ እዘጋታለሁ፣ ደግሞ ትከፈታለች። መኪናው ለእኔ ይከፈታል ብል ማን ያምነኛል? ሌባ ነው ትላላችሁ። ዝም አልኩ። ክፍት ትቻት አልቀመጥ፤ አጠገቧ ቆሜ አነጋለሁ።"

እትዬ ሩቅያ ወደ መስፍን ዞሩ። ሰው መሀል ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር፤ የዚያን ቀንም አላደረጉም።

"መስፍን፣ ቁልፏ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ስላለ ይህ ሰው በሳባት ቁጥር ባለቤቴ መጣ ብላ ትከፍታለች። እሱ ደግሞ ተከፈተች ብሎ ይጨነቃል። እንዲህ ሲነጋ የእሷም የቁልፏም ባትሪ አለቀ። መኪናህን ያደከማት የዘበኛህ ታማኝነት ነው።"

መስፍን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሰው ሲያፍር መክፈል ይቀለዋል። እትዬ ሩቅያ እጁን በእጃቸው ያዙት።

"የእኔ ይቆይ። መጀመሪያ ያን ጥቅልል ራስህ ፍታው።"

መስፍን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ትልቅ ነጋዴ ነው። በሩ ላይ ሄዶ በርከክ አለ። ገመቹ ገመዱን አጥብቆ አስሮታል፤ መስፍን ለመፍታት ብዙ ታገለ፣ ማንም አልረዳውም። ሲፈታለት ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ዘበኛ ቤቷ ውስጥ ገባና አልጋው ላይ አነጠፈው። ሲወጣ ጉልበቱ አቧራ ነበር። ገመቹ ፊት ቆሞ ይቅር በለኝ ኦቦ አለው፤ ኦቦ ብሎ ሲጠራው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ገመቹ ትከሻውን ሳመው። እማማ በላይነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አልጠረግሁም ብል እዋሻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፣ እሱን የዳኘሁት እኔ ብሆን አበላሸው ነበር። ቁልፉን ከሥዕሉ ሥር አንሱት ማለት ለእማማ በላይነሽ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከእስላም ሴት አፍ ሲወጣ ደግሞ የባሰ። እትዬ ሩቅያ ሪሞቱን አልነኩትም። "እማማ፣ ገብርኤል እንደሆነ አገር ምድሩን ነው የሚጠብቀው" አሏቸው። "መኪናዋን ከዚያ ማዶ ካለው ዛፍ ሥር ብናቆማት አይስታትም።" አሮጊቷ ሳቁና ተስማሙ። መኪናዋ ዛፉ ሥር ሄደች፣ ቁልፉ ከሚስማሩ ላይ ቀረ። ገመቹ ሄዶ እጀታዋን ሳበው። አልተከፈተችም። እንደገና ሳባት፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ።

የእኔን ባትሪ እትዬ ሩቅያ ፈተው መለሱልኝ፤ የድሮው ሲሞላ ደህና ነው አሉ። በባጃጅ ስንመለስ ባትሪውን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ምን ሸጥክ ታዴ ብለው ቀለዱብኝ። እኔ ግን ልቤ ሞልቶ ነበር። መንገደኛውን ሁሉ አስቁሜ ይቺን ሴትዮ እዩልኝ፣ ጎረቤቴ ናት ማለት አማረኝ። አፍሬ ተውኩት እንጂ፣ የራሴ እናት ብትሆን ከዚያ በላይ አልኮራም። እሳቸው እንደሆነ የእኔን ኩራት አይጠብቁም፤ መንገዱን ሙሉ ከሻሸመኔ ወዲህ ይህን የሚያገኝ ሰው አለ ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ ነው የመጣነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከተማውን ዞረው። መኪና አልነሳ ሲል ሾፌሮች ቁልፉ የት አደረ ይባባላሉ። ከየት እንደመጣ የማያውቀውም ይላል። እኔ ስሰማ ምንጩን ሳልነግር አላልፍም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሩቅያ በሞቱበት ዕለት ተቀበሩ፣ በእስልምናው ወግ። ልጆቻቸው ሌላ አገር ስለሚኖሩ የሱቁን ቁልፍ ለእኔ አደራ ሰጥተውኛል። ገመቹ በሐዘኑ ቀን መጥቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ዋለ። መሸት ሲል ወደ ሥራው ሊሄድ ተነሳና በእኔ በር በኩል አለፈ። እሳቸው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ ጓጉንቸሩን ሳበው። ደግሞ ሳበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ቁልፉ የት ነው የሚያድረው?" አለኝ።

"እኔ ቤት ነው።"

"ሩቅ ነው?"

"ሩቅ ነው፣ ኦቦ።"

"ደግ" አለ። ዱላውን አነሳና ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይመጣል፤ ይስበዋል፣ አይከፈትም፣ ይሄዳል።